ሐውልቱና ሜዳው፦ ከንያኩሮን አዳራሽ እስከ ጋራንግ መቃብር

ሁለት ጥሪዎች

ዲሴምበር 14 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በጁባ ከተማ ለአንድ ቀን ሁለት ስብሰባዎች ተጠርተው ነበር። አንደኛው ገዢው ፓርቲ፣ የሱዳን ሕዝቦች ነፃነት ንቅናቄ፣ በንያኩሮን የባህል ማዕከል አዳራሽ የጠራው የብሔራዊ ነፃነት ምክር ቤቱ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው ከፓርቲው ሊቀ መንበር ከሳልቫ ኪር ጋር የተቃረኑ የፓርቲው ታላላቅ ሰዎች በዶክተር ጆን ጋራንግ መቃብር ፊት ባለው ሜዳ ላይ ሊያካሂዱት ያሰቡት ሕዝባዊ ስብሰባ ነው። የሜዳው ስብሰባ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ የአዳራሹ ተካሄደ። በማግሥቱ ሌሊት በፕሬዚዳንታዊው ዘብ ጦር ሰፈር ተኩስ ተከፈተ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካወጀች ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላት ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች።

ስለ ሐውልቶች የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ምስሉ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቆመውና ማን እንዳፈረሰው ነው። የጁባው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። በዚያ ዲሴምበር የተፋጠጡት ሁለት ወገኖች የጋራንግን ሐውልት አልተጣሉበትም፤ ሁለቱም የጋራንግ ወራሾች ነን ባዮች ነበሩ። ያከራከራቸው በሐውልቱ ፊት ቆሞ ለሕዝብ የመናገር መብት የማን ነው የሚለው ነበር። ይህ ሐተታ የሚያቀርበውም ሐሳብ ይኸው ነው፦ የአንድ ሐውልት ዕድሜና ክብር የሚለካው በምስሉ ግዝፈት ወይም በሠሪው ጥበብ ሳይሆን፣ በፊቱ ያለው ሜዳ ለማን ክፍት እንደሆነና በዚያ ሜዳ ላይ የማን ስም እንደሚጠራ በማየት ነው። ነገሩን ለመመርመር የጁባው መቃብር በአዲስ አበባ ከቆመና ከወደቀ ሌላ ሐውልት ጋር ይነጻጸራል። ንጽጽሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ የሁለቱ ሐውልቶች ታሪክ በአንድ ዓመት፣ በ1991፣ እርስ በርሱ ተቆላልፏልና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐውልት፣ መቃብር፣ ተዝካር

የጁባውን ስፍራ በአማርኛ ለመግለጽ አንድ ቃል አይበቃም። ግእዙ ሐውልት የሚለው ቀጥ ብሎ የቆመን ዓምድ ነው፤ አክሱም ላይ የቆሙት ድንጋዮች በዚሁ ስም ይጠራሉ። አማርኛው ቃሉን አስፍቶ ለመቃብር ድንጋይም፣ ለድል ዓምድም፣ ሰው ለሚመስል ምስልም ይጠቀምበታል። በጁባ ግን መቃብሩ፣ ምስሉና አደባባዩ በአንድ ቦታ ቢገናኙም ሥራቸው የተለያየ ነው። መቃብሩ አስከሬን ይዟል፤ ምስሉ መሪን ያሳያል፤ አደባባዩ ሰው ይሰበስባል። ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሐውልት ማለት በመካከላቸው ያለውን ውጥረት ይሸፍነዋል።

አማርኛ ለዚህ የሚበጅ ሌላ ቃል አለው፤ ተዝካር። ዘከረ ከሚለው ግስ የወጣው ይህ ቃል ለሙት መታሰቢያ የሚደገሰውን ድግስ ያመለክታል። ተዝካር ያለ ድንጋይ ይቻላል፤ ያለ ሰው ግን አይቻልም። ሟቹ የሚታሰበው ዘመድና ጎረቤት፣ ካህንና ነዳይ ተሰብስበው ሲበሉለትና ስሙ በጸሎት ሲጠራ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በሥዕል የበለጸገ ሲሆን፣ ዙሪያውን የሚታይ የተቀረጸ ምስል የማቆም ልማዱ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ሰው የሚመስል ግዙፍ ምስል በአደባባይ ማቆም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአመዛኙ በሃያኛው ምዕተ ዓመት፣ ከዘመናዊው መንግሥት ጋር ነው። ስለዚህም ስለ አደባባይ ምስል ለመፍረድ ከውጭ መመዘኛ ከመዋስ በፊት ተዝካርን እንደ ሚዛን መያዝ ይቻላል። ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ በዚህ ድንጋይ ፊት ተዝካር የሚያወጣ ማን ነው? ማንስ ተጠርቶ፣ ማን ቀርቷል?

ከአዲስ አበባ ስምምነት እስከ ጁባ መቃብር

የአዳራሹም የመቃብሩም ታሪክ መነሻው አዲስ አበባ ነው። በፌብሩዋሪ 1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የደቡብ ሱዳን ጦርነት አቆመ፤ ደቡቡም መቀመጫውን ጁባ ያደረገ የራሱ የክልል መንግሥት አገኘ። የንያኩሮን የባህል ማዕከል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በሰላሙ ዓመታት፣ ለጭፈራ፣ ለሙዚቃ፣ ለቴአትርና ለስብሰባ የተሠራ ቤት ነው። ከጦርነት የወጣ ክልል ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ መካከል የባህል አዳራሽ ማኖሩ ልብ ሊባል ይገባል። የማዕከሉ መልእክት ጦሩ የሚያልፍ፣ ዘፈኑና ክርክሩ ግን የሚቀር መሆኑ ነበር።

ሰላሙ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የክልሉን አንድነት በአዋጅ ሲከፋፍሉ፣ በሜይ 16 ቀንም የቦር ጦር ሲያምፅ፣ ሁለተኛው ጦርነት ተጀመረ። ኮሎኔል ጋራንግ የመሠረቱት ንቅናቄ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ በደርግ ድጋፍ ተደራጀ። የጦር ሰፈሮቹ በጋምቤላ በኩል ነበሩ፤ የሬዲዮ ድምፁ ከኢትዮጵያ ምድር ይሰራጭ ነበር፤ በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ መጠለያዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ንቅናቄው ከሱዳን ለመገንጠል ሳይሆን «አዲስ ሱዳን» የሚባል፣ ሃይማኖትና ዘር የማይለይባት አንዲት አገር ለመፍጠር እንደሚታገል አወጀ።

ጦርነቱ እስከ 2005 ዘለቀ። ብዙ ጊዜ እንደሚገመተው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በውጊያ፣ በረኃብና በበሽታ አለቀ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ አጠቃላዩ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ጁላይ 9 ቀን ጋራንግ በካርቱም የሱዳን ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሦስት ሳምንት ሳይበልጥ፣ ጁላይ 30፣ ከኡጋንዳ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ወድቆ ሞቱ። ኦገስት 6 ቀን በጁባ ተቀበሩ። የዛሬው ስፍራ የተጀመረው እንግዲህ በለቅሶ ነው። መንግሥት ሐውልት አቁሞ ሕዝብ እንዲሰበሰብ አላዘዘም፤ ሕዝቡ ለቀብር ወጣ፣ ሐውልቱ ስድስት ዓመት ቆይቶ ተከተለ። ጁላይ 9 ቀን 2011 በዚያው ሜዳ ላይ የነፃነት አዋጅ ሲነበብ፣ የአዲሲቱ አገር ባንዲራ ሲሰቀል፣ የጋራንግ ምስል ሐውልትም ለሕዝብ ተገለጠ።

የሌኒን መናፈሻ

ይህን ቅደም ተከተል ከአዲስ አበባው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በሴፕቴምበር 1983፣ የጋራንግ ንቅናቄ በኢትዮጵያ ምድር እየተደራጀ በነበረበት ወቅት፣ ደርግ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በሚገኘው መናፈሻ የሌኒንን ሐውልት መረቀ። ሐውልቱ ከሶቪየት ኅብረት የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ በአፍሪካ ለሌኒን የቆመ የመጀመሪያው ሐውልት ተብሎም ይነገርለታል። መናፈሻው ዛፍና ሣር ቢኖረውም፣ ስፍራው የተመረጠው ለመናፈስ አልነበረም። የአህጉሪቱ መሪዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሆኖ ኢትዮጵያ ከየትኛው ጎራ እንደተሰለፈች ለእንግዳ እንዲናገር ነበር።

ሐውልቱ በቆመባቸው ስምንት ዓመታት ሕዝቡ የሰጠው ትርጓሜ ቀልድ ነበር። እግሩን አንሥቶ የሚራመደው ሌኒን ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እያመራ ነው፣ ለሹማምንቱም የመውጫውን መንገድ እያሳየ ነው ተባለ። ቀልዱ ከሐውልቱ ይልቅ ትንቢታዊ ሆነ። ሜይ 21 ቀን 1991 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአውሮፕላን ከአገር ወጡ፤ ሜይ 23 (ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም.) የሌኒን ሐውልት ከቆመበት ተነቀለ። የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህም ሐውልቱን ድል አድራጊ ጦር አላፈረሰውም፤ መንግሥቱ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአንድ የመንግሥት ንብረት ማከማቻ ግቢ ተጋድሞ ቆየ።

የሌኒን ሐውልት ለምን እንዲህ በቀላሉ ሄደ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የባዕድ ሰው ምስል፣ በባዕድ የተሠራ ስለነበረ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ በከፊል እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትም የባዕድ እጅ ሥራ ነው። የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሠሩት፤ በ1955 ከዩጎዝላቪያ በስጦታ ተሰጠ። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ወደቀ፣ ሐውልቱ አልተነካም። ልዩነቱ ያለው በተዝካሩ ላይ ነው። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፉትን የሚያስብ ቤተ ሰብ፣ የሚያስብ ከተማ፣ በየዓመቱ የካቲት 12 አበባ ይዞ የሚወጣ ሰው ነበረ፤ አለም። በሌኒን መናፈሻ ግን በትእዛዝ ከሚቆም ሰልፈኛ በቀር ሐዘንተኛ አልነበረም። ሐዘንተኛ የሌለው ሐውልት በጠባቂ ብቻ ይኖራል፤ ጠባቂው ሲሄድ ይወድቃል።

ስለ አዲስ አበባው መናፈሻ ሲተረክ በአብዛኛው የሚዘነጋ ሌላ ገጽታም አለ። የሌኒን ሐውልት በተነቀለበት ሰሞን በጋምቤላ በኩል የሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ይራቆቱ ነበር። ደጋፊያቸው መንግሥት በመውደቁ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በክረምቱ መግቢያ፣ ሕፃናትና ወላድ ሳይቀሩ፣ በእግራቸው ወደ ናስርና ወደ ፖቻላ ተመለሱ። ለአዲስ አበባ ተመልካች የሐውልቱ መውደቅ የአንድ ሥርዓት ፍጻሜ ነበር፤ ለኢታንግ ስደተኛ ግን የአንድ ረጅም ጉዞ መጀመሪያ ሆነ። የንቅናቄው ውስጣዊ ቅሬታም ያን ጊዜ ፈነዳ። ኦገስት 28 ቀን 1991 ሪክ ማቻር፣ ላም አኮልና ጎርደን ኮንግ ጋራንግን ከመሪነት ማውረዳቸውን ከናስር አወጁ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ የማቻር ደጋፊ ኃይሎች በቦር ምድር ብዙ የዲንካ ተወላጅ ሲቪሎችን ገደሉ። ከዚያ ወዲህ በደቡብ ሱዳን ፖለቲካ «1991» ሲባል ዓመት ብቻ አይደለም፤ ክስ ነው።

ምስሉ የሚለውና የማይለው

የጋራንግ ምስል በጁባ ሲቆም ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ሰው አቋም ሊጠቀልል ሞከረ። ሦስት ነገሮች ግን አልተጠቀለሉለትም።

የመጀመሪያው የራሳቸው የጋራንግ ዓላማ ነው። ሕይወታቸውን የሰጡለት ሐሳብ የአንዲት አዲስ ሱዳን ሐሳብ ነበር። በጃንዋሪ 2011 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ደቡቡ 98.83 በመቶ በሆነ ድምፅ መገንጠልን መረጠ። ምስሉም የተገለጠው በዚያ ምርጫ በተወለደች አገር የልደት ቀን ነው። የአገሪቱ አባት ተብለው የቆሙባት አገር፣ በይፋ ያወጁት ዓላማ የተተወባት አገር ናት። ሕዝቡ መገንጠልን መምረጡ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ የራሱን ፍርድ ሰጠ። ነገር ግን ምስሉ ይህን ልዩነት አይናገርም። በዝምታው ጋራንግ ነፃነትን ብቻ እንደተመኙ ያስመስላል፤ ሐሳባቸውን ለመመርመርና ለመከራከር የሚፈልግ ተመልካች ከምስሉ የሚያገኘው ፍንጭ የለም።

ሁለተኛው 1991 ነው። ለቦር ሰው የጋራንግ መቃብር የወገኑ መቃብር ነው፤ በዚያ ዓመት ለሞቱበት ዘመዶቹም የሚያለቅስበት ነው። ከናስር ወገን ለነበረ ሰው ግን ጋራንግ ውስጣዊ ተቃውሞን በእስርና በኃይል የሚመልሱ አዛዥም ነበሩ። ሁለቱም ትዝታዎች በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ምስሉ ግን ለአንደኛው ብቻ ፊቱን ያሳያል። ማቻር በኦገስት 2011፣ ምስሉ ከተገለጠ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጁባ በጋራንግ ባለቤት በርብቃ ኒያንዴንግ ቤት ስለ ቦር ጭፍጨፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው የተነገረው በሐውልቱ ፊት ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በዕንባ መካከል መሆኑ ብዙ ያስረዳል። አገሪቱ ከባዱን ቃል የምትናገርበት የአደባባይ ስፍራ ገና አልነበራትም።

ሦስተኛው የሌሎቹ ሙታን ጉዳይ ነው። ጋራንግ የሞቱበት ጁላይ 30 የሰማዕታት ቀን ሆኖ ይከበራል። በ2011 የወጡት የአገሪቱ የፓውንድ የወረቀት ገንዘቦች የእርሳቸውን ምስል ይዘዋል። የአንድ ሰው ሞት የሁለት ሚሊዮን ሰው ሞት ማስታወሻ ሲሆን፣ ብዙኃኑ በአንዱ ይታሰባሉ ማለት ይቻላል፤ ብዙኃኑ በአንዱ ይሸፈናሉ ማለትም ይቻላል። በጁባ የሆነው ከሁለተኛው ይልቅ የመጀመሪያው ነው ብሎ ለመደምደም የሚያስችል ማስረጃ በስፍራው አይታይም። ልጁ በረኃብ የሞተባት እናት ልጇን የምታገኝበት ስም በዚያ አልተጻፈም።

ሜዳው

ምስሉ የማይመልሰውን ጥያቄ ሜዳው በተለያየ ጊዜ ለመመለስ ሞክሯል። ከ2011 በኋላ ሦስት ቀኖች በተለይ ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ያልተካሄደው የዲሴምበር 2013 ስብሰባ ነው። በጁላይ 2013 ፕሬዚዳንት ኪር ምክትላቸውን ማቻርንና ካቢኔያቸውን በሙሉ ሻሩ። ዲሴምበር 6 ቀን ማቻር፣ ርብቃ ኒያንዴንግና ሌሎች የፓርቲው አንጋፋዎች መግለጫ ሰጥተው ሊቀ መንበሩን በአምባገነንነት ከሰሱ፤ ሕዝቡንም ወደ ጋራንግ መቃብር ጠሩ። የስፍራው ምርጫ ራሱ ንግግር ነበር። የሟች ሚስትና የሟች የቀድሞ ባላንጣ አብረው በመቃብሩ ፊት ሊቆሙ ነበር። ያ ስብሰባ ቢካሄድ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። የሚታወቀው የሆነው ነው፦ ሜዳው ባዶ ሆኖ ዋለ፣ ክርክሩ ወደ ንያኩሮን አዳራሽ ገባ። በዚያም ፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግራቸውን ሲያደርጉ የባላንጦቻቸው አካሄድ ወደ 1991 መከፋፈል እንደሚመልስ አስጠነቀቁ። ለዘፈንና ለጭፈራ በተሠራው ቤት ውስጥ ያ ዓመት እንደ ክስ ተነሣ። በሁለተኛው ቀን ማቻርና ተባባሪዎቻቸው ከጉባኤው ቀሩ፤ በዚያው ሌሊት ተኩሱ ተሰማ። በቀጣዮቹ ቀናት በጁባ ብዙ የኑዌር ተወላጅ ሲቪሎች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ በቦር፣ በቤንቲዩና በማላካል ደግሞ የበቀል ግድያ ተከተለ። የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን ይህን በሪፖርቱ መዝግቦታል።

ሁለተኛው ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ነው። በአዲስ አበባ በተፈረመው የታደሰ የሰላም ስምምነት መሠረት ማቻር ከሁለት ዓመት በላይ በኋላ ወደ ጁባ ተመልሰው፣ ከኪር ጋር በጋራንግ መቃብር በተዘጋጀው የሰላም በዓል ላይ ታዩ። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴም ተገኝተው ነበር። ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ የማቻር ቃል አቀባይና አንድ የውጭ አገር አማካሪ እንደሚፈቱ የተነገረው በዚሁ መድረክ ነው። በ2013 ተቃዋሚ ሊቆምበት ያልቻለው ሜዳ በ2018 ተቃዋሚና መንግሥት አብረው የሚቆሙበት ሆነ። ሆኖም ልዩነቱን አጥብቆ ማየት ያሻል። ተቃዋሚው ወደ ሜዳው የገባው ከመንግሥት ጋር ከታረቀ በኋላ ነው፤ የመቃወም መብት ይዞ አልገባም።

ሦስተኛው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023 ነው። ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚያው ሜዳ ላይ ቅዳሴ መሩ፤ እንደ አገሩ ባለ ሥልጣናት ግምት መቶ ሺህ ያህል ሰው ተገኘ። በዋዜማው ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጋር የጋራ ጸሎት ተደርጎ ነበር። በዚያን ቀን ሜዳው ከየትኛውም ቀን ይልቅ ወደ ተዝካር ቀረበ። ሰዎች የመጡት መሪ ለማጨብጨብ ሳይሆን ለመጸለይ ነበር፤ ብዙዎቹም የሚጸልዩለት የራሳቸው ሟች ነበራቸው። ከፊታቸው የቆመው የጋራንግ ምስል ለአንድ ቀን የትዕይንቱ ዋና መሆኑ ቀርቶ ከሟቾች አንዱ ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። በወታደር የሚጠበቅ ግቢ የመንግሥት ንብረት ነውና፣ ስለ ሜዳው ክፍትነት ማውራት የዋህነት ነው ሊባል ይችላል። መከራከሪያው ክብደት አለው። ከላይ የተዘረዘሩት ቀናት ሁሉ በመንግሥት ፈቃድ የተከፈቱ ናቸው፤ ያልተፈቀደው አንዱ አልተካሄደም ወይም እንዲዘገይ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ መከራከሪያ ራሱ የሐተታውን ሐሳብ ያጠናክራል። መንግሥት ምስሉን ለመጠበቅ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቀ ነበር፤ የሚጠበቀው ሜዳው ነው። ሌኒን መናፈሻ ውስጥ ለሌኒን ሊናገር የፈለገ ሰው ስላልነበረ የሚከለከልም አልነበረም። በጁባ ግን ሊናገር የሚሻ ሰው አለ። የሐውልቱ ሕያውነት ምስክሩ እርሱ ነው።

ስም መጥራት

በ2015 የተፈረመው የሰላም ስምምነት የእውነት፣ የዕርቅና የፈውስ ኮሚሽን፣ የካሣ ባለ ሥልጣንና ከአፍሪካ ኅብረት ጋር የሚቋቋም ቅይጥ ፍርድ ቤት እንዲኖሩ ደንግጎ ነበር፤ የ2018ቱም ስምምነት ይህን ደግሞታል። ፍርድ ቤቱ ግን ለዓመታት ሳይቋቋም ቆየ። በወረቀት ላይ የቀረው ፍትሕ በአደባባይ ያለውን ዝምታ ያራዝመዋል። ሙታን በሸንጎ ካልተጠሩ፣ በሐውልትም ካልተጠሩ፣ የሚጠሩበት ሌላ ስፍራ መፈለጉ አይቀርም።

ያ ስፍራ የተገኘው በድንጋይ አይደለም። ከ2013ቱ እልቂት በኋላ «የጠፉብንን ማስታወስ» በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ከ1955 ወዲህ በጦርነትና በግጭት የሞቱትን ደቡብ ሱዳናውያን ስም መመዝገብ ጀመሩ። ዝርዝሩ ዲንካና ኑዌር ብሎ አይለይም፤ ወታደርና ሲቪል፣ አዛዥና እረኛ በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ። በ2016 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ወጣት አርቲስቶች በጁባ ዐረብኛ «አና ታባን» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጡ፤ በአማርኛ «ደክሞኛል» ማለት ነው። በግንብ ላይ በሳሉት ሥዕልና በጎዳና ላይ ባሳዩት ቴአትር፣ ከንያኩሮን አዳራሽ መጀመሪያ ዓላማ ጋር የተዛመደ ሥራ ሠሩ፤ ከጦር በኋላ ዘፈንና ክርክር እንዲቀር የሚል።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ለጋራንግ ሐውልት ጠላት አይደሉም፤ የጎደለውን የሚነግሩት ናቸው። የመጀመሪያው ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው የሕያዋንን ድካም ይናገራል። የጁባው ስፍራ እንደ አዲስ አበባው መናፈሻ ከመሆን የሚያድነው፣ በዚያ አንድ መሪ መቀበራቸው ብቻ አይሆንም። መቃብርም ቢሆን ሐዘንተኛው ከቀረ ድንጋይ ይሆናል። የሚያድነው የስሞቹ ዝርዝር አንድ ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ የቦርም የናስርም እናት በአንድ ሰልፍ ቆማ የልጇን ስም ተራ ስትጠብቅ ነው። በ2013 በንያኩሮን አዳራሽ ውስጥ 1991 እንደ ክስ ተነሣ። በሜዳው ላይ እንደ ሐዘን ቢነሣ፣ ያ ዓመት የማንም መሣሪያ መሆኑ ይቀርና የሁሉም ተዝካር ይሆናል። ሐውልቱ ያን ጊዜ ለምን እንደቆመ ማስረዳት አያስፈልገውም።